ፈጥኖ የሚነበብ፣ ፈጥኖም የሚሻር

በዚህ ግቢ ውስጥ ክርክር ከሚነሣባቸው ቦታዎች ሁሉ የሻይ ቤቱን ያህል ፍሬ የሚሰጥ የለም። ባለፈው ወር አንድ ምሽት፣ ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ የመጣ ወዳጄ ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር ስለ ሠራው ፕሮግራም ሲያወጋን፣ የአባላቱ ስም፣ ስልክና መዋጮ የተመዘገበበትን ዳታቤዝ የሚከፍተውን የይለፍ ቃል በፕሮግራሙ ውስጥ እንዳለ ጽፎ እንዳስቀመጠው ነገረን። «እንዴት? ምሥጢር የሚጠበቅበት ሥርዓት አለ ሲባል እንሰማ የለምን?» ብንለው፣ «አለ፤ ግን ይዘገያል። አንዲት ቃል ለማንበብ ያን ሁሉ መንገድ መመላለስ ምን ያደርጋል? የእኔ ይፈጥናል» ብሎ ሳቀ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩትም ከእርሱ ጋር ሳቁ።

እኔ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነኝ። በዚያ ምሽት የምመልሰው አጥቼ ዝም አልኩ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣምና ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ የማይገባኝንም ያንኑ ወዳጄን እየጠየቅሁ ተረዳሁ። የደረስኩበትን ሐሳብ በዚህች መጽሔት ለማቅረብ የደፈርኩት፣ ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አለመሆኑን ስላመንኩ ነው። ቁልፍ ማን ይያዝ፣ ስንት ሰው ይያዝ፣ የተሻረ ቁልፍስ በስንት ጊዜ መሥራቱን ያቆማል የሚለው ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ የኅብረተሰብ ጥያቄ ነው።

ሐሳቤን በአጭሩ አስቀድሜ ልናገር። ወዳጄ ስለ መዘግየቱ የተናገረው እውነት ነው፤ የመረጠው መድኃኒት ግን ከበሽታው የከፋ ነው። የአንድ የምሥጢር ማስቀመጫ ፍጥነት መለካት ያለበት በሁለት ሚዛን ነው። አንደኛው፣ ምሥጢሩ ተጠይቆ ምን ያህል ቶሎ ይነበባል? ሁለተኛው፣ ምሥጢሩ በተሻረ ጊዜ ምን ያህል ቶሎ መሥራቱን ያቆማል? የመጀመሪያውን ብቻ የሚለካ ሰው ግማሹን ብቻ ለክቷል።

የምሥጢር ማስቀመጫ ምንድን ነው?

ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ እንደ ሰው ሁሉ ማንነታቸውን ማስረዳት አለባቸው። ለዚህም የይለፍ ቃል፣ ቁልፍና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። ቀድሞ እነዚህ ሁሉ በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ወይም አጠገቡ ባለ ፋይል ይጻፉ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። የዚህን ልማድ ውጤት ለማየት የኡበርን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ2016 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ሰዎች የድርጅቱ መሐንዲሶች ጽሑፋቸውን በሚያኖሩበት የጊትሃብ ማኅደር ገብተው፣ እዚያ ተጽፎ ያገኙትን ቁልፍ ይዘው የ57 ሚሊዮን ደንበኞችንና ሾፌሮችን መረጃ ወሰዱ። ድርጅቱም ነገሩ እንዳይሰማ 100,000 ዶላር ከፍሎ ዝም አሰኛቸው፤ ለሕዝብ የገለጠው ገና በኖቬምበር 2017 ነው። ቁልፉ የተገኘው በታላቅ ጥበብ አይደለም፤ ተጽፎ ስለ ተገኘ ነው።

ከእንዲህ ያለው ጥፋት ለመዳን ምሥጢሮችን ሁሉ በአንድ ጽኑ ቤት ሰብስቦ፣ ማን መቼ ምን እንደ ጠየቀ እየመዘገበ፣ ለተፈቀደለት ብቻ የሚሰጥ ሥርዓት ተፈጠረ። ከእነዚህ በስፋት የሚታወቀው ሃሺኮርፕ የተባለው ድርጅት በ2015 ያወጣው ቮልት ነው። ቮልት የያዘውን ሁሉ በምሥጢር ጽሕፈት ቆልፎ ያስቀምጣል፤ መሥሪያው ሲጠፋና ሲነሣም ራሱን እንደ ታሸገ ያገኘዋል። እሽጉን ለመክፈት ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይገኝም። አዲ ሻሚር የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1979 ባሳተመው ዘዴ መሠረት ለብዙ ሰዎች ይከፋፈላል፤ የተለመደው አከፋፈል ለ5 ሰዎች ሲሆን፣ ከእነርሱ ማንኛቸውም 3ቱ ሲገናኙ ይከፈታል።

ይህን ሳነብ የሰፈራችን ዕድር ትዝ አለኝ። የዕድሩ ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ በዳኛው፣ አንዱ በገንዘብ ያዡ፣ አንዱም በጸሐፊው እጅ ነበር። አባቶቻችን ሰው ሁሉ ሌባ ነው ብለው አልነበረም እንዲህ ያደረጉት፤ ማንም ብቻውን እንዳይፈተን ብለው ነው። ሆኖም አንዱ ባለቁልፍ መንገድ በሄደ ጊዜ ሣጥኑ ሳይከፈት ይቀር፣ ሐዘንተኛውም ይጉላላ ነበር። የሻሚር ዘዴ ብልጫው እዚህ ላይ ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ቢታጡ እንኳ ሦስቱ ይበቃሉ።

ሰባት ፈረስ፣ አንድ በር

አንድ ማስቀመጫ በአንድ መሥሪያ ላይ ብቻ ቢቀመጥ፣ ያ መሥሪያ በወደቀ ቀን በእርሱ የሚታመኑት ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ሦስት ወይም አምስት ኮምፒዩተሮች አንድ ላይ ይታሰራሉ። ይህ ስብስብ ክላስተር ይባላል። እንዴት ተስማምተው እንደሚሠሩ የሚወስነው ሕግ ደግሞ ራፍት ይባላል፤ ሁለት የስታንፎርድ ሊቃውንት፣ ዲዬጎ ኦንጋሮና ጆን አውስተርሃውት፣ በ2014 ያሳተሙት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ኮምፒዩተሮቹ ከመካከላቸው አንድ መሪ ይመርጣሉ። አዲስ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወደ መሪው ይሄዳል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑት «ተቀብለናል» ሲሉ ጸና ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ቢሞት፣ ከአምስቱም ሁለቱ ቢሞቱ ሥራው ይቀጥላል።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ ይህ ነው። «መልሱ ከዘገየ ኮምፒዩተር እንጨምር፤ ሦስቱን አምስት፣ አምስቱን ሰባት እናድርግ» ይባላል። ይሁን እንጂ በክፍያ በማይገኘው የቮልት ዓይነት ተጠባባቂዎቹ ለጠያቂ መልስ አይሰጡም፤ ጥያቄውን ተቀብለው ለመሪው ያስተላልፋሉ። ሰባት ሆኑ አምስት፣ በሩ አንድ ነው። እንዲያውም ድምፅ የሚሰጡት በበዙ ቁጥር መሪው አንድ ነገር ለመጻፍ የሚጠብቃቸው ይበዛሉና መጻፉ ሊዘገይ ይችላል። ተጠባባቂ የሚጨመረው ሥርዓቱ እንዳይሞት ነው እንጂ እንዲሮጥ አይደለም። በጋሪው ላይ ፈረስ የጨመረ መስሎት በረኛው ፊት የቆመውን ሰልፍ ያስረዘመ ብዙ ነው።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል?

ወዳጄን «የሚዘገየው ምኑ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ምሥጢሩን መፍታቱ ይሆናል» አለኝ። አይደለም። የተቆለፈውን አጭር ቃል መፍታት ለዛሬ ኮምፒዩተር ከአንድ ሚሊሴኮንድ እጅግ ያነሰ ሥራ ነው። የሚዘገየው መንገዱና ሥነ ሥርዓቱ ነው።

መንገዱን አስቀድመን እንመልከት። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እዚህ ሆኖ ማስቀመጫው እዚያ ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ ደርሶ መልስ ይዞ ለመመለስ ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች ሊፈጅበት አይችልም። የትኛውም መሐንዲስ ይህን ሕግ ሊሽረው አይችልም። «እንግዲያውስ በአፍሪካ ይሁን» ቢባል፣ አማዞን በ2020 በኬፕታውን የከፈተው ጣቢያም ከእኛ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ይርቃል። አህጉር አንድ መሆን ጎረቤት አያደርግም።

ሥነ ሥርዓቱ ደግሞ ይህን መንገድ ያበዛዋል። አንድ ፕሮግራም ከሩቅ ሰርቨር ጋር አዲስ ግንኙነት ሲከፍት አንድ ጊዜ ለሰላምታ፣ አንድ ጊዜ ምሥጢራዊ መነጋገሪያውን ለመስማማት፣ አንድ ጊዜ ማንነቱን አስረድቶ የመግቢያ ወረቀት፣ ማለት ቶክን፣ ለመቀበል፣ አንድ ጊዜም የሚፈልገውን ለመጠየቅ ይመላለሳል። ይህ አራት ምልልስ ነው፤ ቢያንስ 200 ሚሊሴኮንድ። ፕሮግራሙ ሲነሣ 40 ምሥጢሮች የሚያስፈልጉት ከሆነና ለእያንዳንዱ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው የሚደግም ከሆነ 8 ሴኮንድ ይፈጃል። ወዳጄ የሰለቸው ይህ ነው፤ ቢሰለችም አልፈርድበትም።

ነገር ግን ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። ግንኙነቱን አንድ ጊዜ ከፍቶ ቢይዝ፣ የመግቢያ ወረቀቱንም አንድ ጊዜ ተቀብሎ ጊዜው እስኪያልፍ ቢጠቀምበት፣ 40ው ጥያቄ 40 ምልልስ ብቻ ይሆናል፤ 2 ሴኮንድ ያህል ማለት ነው። ሁልጊዜ አብረው የሚፈለጉትን በአንድ መዝገብ ቢያኖራቸው ደግሞ በአንድ ምልልስ ሊያነባቸው ይችላል። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ አንድም ኮምፒዩተር ሳይጨመር፣ ከ8 ሴኮንድ ወደ ሩብ ሴኮንድ ግድም ይወርዳል። ወዳጄ ይህን ስነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «በየጥያቄው እንደ አዲስ እየገባሁ ነበር» አለ። ለካስ የዘገየው ማስቀመጫው ሳይሆን የጠያቂው ልማድ ኖሯል!

ከዚህም ሌላ ያልታሰበበት ነገር አለ። ፕሮግራሙ በገባ ቁጥር የሚሰጠው የተለመደው ቶክን በማስቀመጫው ይመዘገባል። መመዝገብ ማለት መጻፍ ነው፤ መጻፍ ማለት ደግሞ መሪው ከተጠባባቂዎቹ ጋር መስማማት ማለት ነው። ስለዚህ ለማንበብ ብቻ የመጣ ፕሮግራም ሳያውቀው በእያንዳንዱ ጥያቄ ጉባኤ ያስጠራል። መጽሐፍ ለማንበብ በመጣ ቁጥር አዲስ የቤተ መጻሕፍት መታወቂያ እንዲወጣለት የሚጠይቅ ተማሪ ብናይ ምን እንለዋለን?

ጥቂት ልጨምር። ማስቀመጫው ማን ምን እንደ ጠየቀ የሚጽፍበት የቁጥጥር መዝገብ አለው። መዝገቡ ከተከፈተ ወዲያ፣ ጥያቄውን በየትኛውም መዝገብ ሊጽፍ ካልቻለ ቮልት መልስ አይሰጥም። የሚጻፍበት ዲስክ ቀርፋፋ ከሆነ ንባቡም አብሮ ይዘገያል። በዚህ ምክንያት «መዝገቡን እንዝጋው» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ዲስኩ ይለወጥ እላለሁ። የማይመዘግብ ግምጃ ቤት ሌባውን ብቻ ሳይሆን ንጹሑንም ሰው ያጠፋዋል፤ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ንጹሕነቱን የሚያስረዳበት የለውምና።

መብራት ሲመጣ

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመራል። መብራት ይጠፋል፤ ይመጣል። በመጣ ጊዜ በአንድ ክፍል ያሉ ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ በእነርሱ ላይ ያሉት ፕሮግራሞችም ሁሉ በአንድነት ወደ መሪው በር ይሮጣሉ። በሰላሙ ቀን በ2 ሚሊሴኮንድ ይመልስ የነበረው መሪ፣ ያን ጊዜ የሰንበት ገበያ የሆነበት በረኛ ይሆናል። መልስ የዘገየባቸውም ተስፋ ቆርጠው እንደገና ይጠይቃሉና ሰልፉ በሰልፍ ላይ ይደረባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከመጠየቁ በፊት የተለያየና በዕጣ የወጣ ጥቂት ጊዜ ይጠብቅ፤ ካልተሳካለትም በደገመ ቁጥር የሚጠብቀውን ጊዜ ያርዝም። በምግብ አዳራሹ በር ተጋፍተን ሁላችንም ከምንዘገይ ተራ ይዘን ብንገባ ቶሎ እንደምንበላ የማያውቅ ተማሪ የለም።

ከዚህ የከፋው ግን እሽጉ ነው። መሥሪያው ተዘግቶ ሲነሣ ቮልት ታሽጎ ይነሣል ብዬ ነበር። በሌሊት መብራት ጠፍቶ ቢመጣ ሦስት ባለቁልፎች ከእንቅልፋቸው መነሣት አለባቸው። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። አምስቱም የቁልፍ ክፍሎች ተሰብስበው ለአንድ ታታሪ ልጅ ይሰጣሉ፤ ያም ልጅ በአንድ ፋይል ጽፎ ከማስቀመጫው ጎን ያኖራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱ በስሙ የአምስት ሰው፣ በተግባሩ የአንድ ሰው ይሆናል። ለዚህ ችግር የተዘጋጀ ሌላ መንገድ አለ፤ ቮልት እሽጉን በሌላ የቁልፍ ጠባቂ መሥሪያ አማካይነት በራሱ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ያለ ክፍያ ይገኛል። ስንፍናን በሥርዓት መተካት ይቻላል ማለት ነው። የማይቻለው ስንፍናን ሥርዓት ብሎ መጥራት ነው።

ቅጂው ሲዘገይ

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። ልማድን ማረም የሚያደርሰው እስከ አንድ ወሰን ነው። ጠያቂዎቹ በሺህ ሲቆጠሩና በተለያየ አገር ሲሆኑ፣ መልስ የሚሰጡትን ማብዛት ግድ ይሆናል። በክፍያ በሚገኘው የቮልት ዓይነት ከ2018 ወዲህ ተጠባባቂዎቹ ራሳቸው የንባብ ጥያቄ ይመልሳሉ፤ ወደ መሪው የሚያስተላልፉት የሚጻፈውን ብቻ ነው። በሌላ አገር ሌላ ክላስተር አቁሞ የዋናውን ቅጂ እዚያ ማንበብም ይቻላል። በዚህ ጊዜ የ50 ሚሊሴኮንዱ መንገድ ወደ 1 ወይም 2 ይወርዳል።

ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ዋጋው ግን ምንድን ነው? ይህችን መጽሔት ተመልከቱ። በዋናው ገጽ ላይ አንድ ስሕተት ቢገኝ አዘጋጁ ወዲያው ያርመዋል። ሆኖም ተባዝተው በየመኝታ ቤቱ የተበተኑት ቅጂዎች ከነስሕተታቸው ይነበባሉ። ቅጂ ሁሉ ከዋናው ጥቂት ይዘገያል። መሪው «ይህ ቁልፍ ተሽሯል» ብሎ በጻፈበትና ተጠባባቂው ይህን በሰማበት መካከል ያለው ጊዜ ከሴኮንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ሲበላሽ ግን ይረዝማል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅጂው በቅንነት የተሻረውን ይሰጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሽረቱ የሚደርሰው ሌባው ከወጣ በኋላ ይሆናል።

ለዚህ የተሠራው ዘዴ ብልህ ነው። የጻፈ ሰው የመዝገቡን ቁጥር ይቀበላል። ቀጥሎ ከማንኛውም ተጠባባቂ ሲጠይቅ ያን ቁጥር ያሳያል፤ «እስከዚህ ካልደረስክ አትመልስልኝ» ማለቱ ነው። ተጠባባቂው ካልደረሰ «ገና ነኝ» ይላል፤ ጠያቂውም ይደግማል፣ ወይም ጥያቄው ወደ መሪው ይተላለፋል። ነገር ግን ይህ የሚጠቅመው ቁጥሩን ለያዘ ሰው ነው። ሽረቱን ያልሰማ ሌላ ፕሮግራም ምን ቁጥር ያሳያል?

እንግዲህ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንዱ «ሁሉም ከመሪው ብቻ ይጠየቅ» የሚል ነው። ጥብቅ ነው፤ ግን ሕዝቡን በሰልፍ ያስመርራል፤ የተመረረውም እንደ ወዳጄ በጓሮ ይወጣል። ሁለተኛው «ሁሉም ቅጂ ይያዝ» የሚል ነው። ፈጣን ነው፤ ግን ቁልፉ በስንት ኪስ እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ልሻር ቢልም ማንን እንደሚያሳድድ አያውቅም። የወዳጄ ዘዴ የዚህ የመጨረሻው ደረጃ ነው። በፕሮግራም ውስጥ የተጻፈ የይለፍ ቃል በቅጽበት ይነበባል፤ ለመሻር ግን ፕሮግራሙ የተገለበጠበትን ቦታ ሁሉ መዞር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ እኔም የምደግፈው፣ ቁልፉን ከማሳደድ ይልቅ በሩን የሚያዝዝ ነው። ቮልት ለአንድ ፕሮግራም የዳታቤዝ የይለፍ ቃል ሲሰጥ የቆየውን አንስቶ ከመስጠት ይልቅ፣ በዚያው ሰዓት በዳታቤዙ ላይ አዲስ ስምና ቃል ፈጥሮ፣ ለምሳሌ ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ ሊሰጠው ይችላል። ሰዓቱ ሲያልፍ ወይም ሽረት ሲታዘዝ ያን ስም ከዳታቤዙ ላይ ይሰርዘዋል። ከዚያ ወዲያ ቃሉ በስንት ኪስ ቢገኝ ምንም አይከፍትም። መፍጠሩ መጻፍ ነውና ወደ መሪው ይሄዳል፤ ይዘገያልም። ግን በሰዓት አንድ ጊዜ ነው። በቀረው ጊዜ አጠገቡ ያለ ትንሽ ረዳት ፕሮግራም ቃሉን በማስታወሻው ይዞ፣ ሺህ ጊዜ ቢጠየቅ ሺህ ጊዜ በቅጽበት ይመልሳል። የሩቁ መንገድ ዋጋ በሰዓት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ንባቡ ይፈጥናል፤ ሽረቱም ይፈጥናል። ሁለቱን ሚዛን በአንድነት የሚያሟላው ይህ ነው።

ሁሉም ምሥጢር እንዲህ ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ። ከውጭ ድርጅት የተሰጠን ቁልፍ እኛ በየሰዓቱ ልንፈጥረው አንችልም። ለእንዲህ ያለው ቢያንስ የማስታወሻውን ዕድሜ ማሳጠር፣ ሲለወጥም አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን እንዲሠሩ አድርጎ መለወጥ ይገባል። አምስት ደቂቃ በማስታወሻ መያዝ ማለት «የተሻረው ቁልፍ አምስት ደቂቃ ቢሠራ እቀበላለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ፈራሚው ማን እንደ ሆነ ይታወቅ፤ ብዬ የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።

ፍጥነት የማን ነው?

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ተጠባባቂዎቹ ራሳቸው የሚመልሱበት ዘዴ በቮልት የሚገኘው ለከፋይ ነው። ቮልት ማንም አንብቦ እንዲያሻሽለው በሚፈቅድ ፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በኦገስት 2023 ግን ሃሺኮርፕ ፈቃዱን አጠበቀው። አይ.ቢ.ኤም. ድርጅቱን በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱን በ2024 አስታወቀ፤ ግዢውም በ2025 ተፈጸመ። የፈቃዱን ለውጥ ያልተቀበሉ ሰዎች ከለውጡ በፊት የነበረውን ጽሑፍ ወስደው ኦፕንባኦ የተባለውን ቅርንጫፍ በሊነክስ ፋውንዴሽን ጥላ ሥር አቆሙ።

ሠርቶ የሸጠን ሰው አልወቅስም፤ ሠራተኛ ደመወዝ ይገባዋል። ሆኖም ከዚህ የምንማረው አለ። ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ በፊታችን ተዘርግቶ ሳለ፣ እኛ «ይዘገያል» ብለን በሻይ ቤት እንስቃለን። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ርእስ ሲፈልጉ፣ መብራት በሚጠፋበት፣ መስመርም በሚቆራረጥበት አገር የንባብን መዘግየት መቀነስ ምን ይመስላል ብለው ቢመረምሩ፣ ለእኛ ብቻ ሳይሆን እንደ እኛ ላሉት ሁሉ ይጠቅማሉ። የሕግ ተማሪዎችም ሥራ አላቸው። በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ ሊጠብቀው እንደሚገባ ከታመነ፣ የይለፍ ቃሉን በፕሮግራም ውስጥ የጻፈ ሰው ጠብቋል ይባላልን?

«ለአንድ የተማሪዎች ማኅበር መዝገብ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። በዚያ መዝገብ ውስጥ መዋጮውን መክፈል ያልቻለ ተማሪ ስም አለ። የስልክ ቁጥሯ በማይገባው ሰው እጅ እንዳይወድቅ የምትፈራ እኅት አለች። እነርሱ ስማቸውን የሰጡት ለማኅበሩ ነው እንጂ ፕሮግራሙ ለተገለበጠለት ሁሉ አይደለም። ነገ ደግሞ ያ ወዳጄ ተመርቆ ባንክ ወይም ሆስፒታል ይገባል። በመቶ ሰው መዝገብ የለመደውን እጅ በሚሊዮኖች መዝገብ ላይ ያሳርፋል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ግን «አትቸኩሉ» አልልም፤ ፍጥነት የሥልጣኔ አንዱ ምልክት ነው፤ ሕዝብን በሰልፍ ማቆምም ጥበቃ አይባልም። የምለው ይህን ነው። መዘግየቱ ከየት እንደመጣ ሳትለኩ መድኃኒት አትምረጡ። የሚመልሱትን አብዙ እንጂ ምሥጢሩን አትበትኑ። «በስንት ጊዜ ይነበባል?» ብላችሁ በጠየቃችሁ ቁጥር «በስንት ጊዜስ ይሻራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወዳጄ ባለፈው ሳምንት የይለፍ ቃሉን ከፕሮግራሙ አውጥቶ አዲስ ለውጦበታል። አሮጌው ቃል ለስንት ሰው እንደ ተገለበጠ ግን እስከ ዛሬ ቆጥሮ አልጨረሰም።

አንድ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ